29ኙ አሃዞች የት ደረሱ?

ወረታ ላይ ሁለት መንገድ ይገናኛል፤ አንዱ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ታጥፎ ወደ ወልድያ የሚወጣው። በገበያ ቀን ከፎገራ ሜዳ ሩዝ የጫነ ጋሪና ከጉና ሥር ድንችና ገብስ የጫነ አይሱዙ እዚያው ይተላለፋሉ። ከናበጋ፣ ከዋገጠራ ወይም ከሽና የመጣ ገበሬ ሩዙን ሸጦ ብሩን ከቋጠረ በኋላ ወደ ቀበሌው ሳይመለስ ከተማ ውስጥ የሚጨርሰው ጉዳይ አያጣም። ጉዳዩ ዛሬ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ነው። መስኮቱ ጋ ሲደርስም ምልልሱ ይህን ይመስላል፦

«የኔ ልጅ፣ ያ ጉዳዬ የት ደረሰ?»

«አባቴ፣ ዛሬ ሲስተም የለም። ሰኞ ብቅ ይበሉ።»

ከወረታ እስከ ሞያሌ ይህን መልስ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጁ እንዲህ የሚመልሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የሚያየው የምትሽከረከር ክብ ብቻ ናት። ከጀርባዋ ስንት ማሽን እንዳለ፣ የትኛው እንደቆመ፣ ሰኞ ከዛሬ በምን እንደሚሻል አያውቅም። የገበሬው ጥያቄ ግን በትክክል የተጠየቀ ነው፦ የት ደረሰ? በዓለም አሉ የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ለዚህች አጭር ጥያቄ ለዓመታት መልስ አጥተው ነበር። መልሱን ያገኙበት መንገድ መተረክ ያለበት ነው፤ ዞሮ ዞሮ ወረታ ድረስ ይመጣልና።

ከምናውቀው እንጀምር፤ ከፋይዳ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠውን ዲጂታል መታወቂያ ለማግኘት አንድ ሰው የ10 ጣቶቹን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቹን አይሪስና የፊቱን ምስል ይሰጣል። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ ይሞላል። ሲጨርስ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱ ላይ 29 አሃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥር አለ። መታወቂያው ገና አልመጣም፤ ዋናው የፋይዳ ቁጥር 12 አሃዝ ነው፣ እሱም በኋላ ነው የሚላከው። ያን ረጅም የምዝገባ ቁጥር ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል፣ ላብና ዝናብ ያጠፋዋል።

ፋይዳ የተሠራው ሞሲፕ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕንድ ውስጥ፣ ባንጋሎር ባለው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተጀመረ። ሞሮኮና ፊሊፒንስም ይጠቀሙበታል። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ከጊትሀብ ድረ ገጽ አውርዶ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ የሚሆነውን በግምት ሳይሆን በንባብ መከተል ይቻላል።

መዝጋቢው ሥራውን ሲያጠናቅቅ የተሰበሰበው መረጃ በምስጢር ኮድ ተቆልፎ አንድ ጥቅል ይሆናል። ኔትወርክ ከሌለ ጥቅሉ እዚያው መዝጋቢ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሶፍትዌሩ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ ነው የተነደፈው። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦበት ለቆየው ለአማራ ክልል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። መስመሩ ሲመለስ ጥቅሉ ወደ ማዕከል ይላካል። እዚያም አንድ ፕሮግራም ይቀበለውና በመንገድ ላይ አለመነካካቱን ይፈትሻል። ሌላው ከፍቶ የጎደለ ነገር መኖሩን ያያል። ሌላው የመዘገበው ሠራተኛ በእርግጥ የተፈቀደለት መሆኑን ያጣራል። ሌላው በስምና በትውልድ ዘመን የሚመሳሰል ሰው ይፈልጋል። ከዚያ ከባዱ ሥራ ይመጣል፦ አሻራውና አይሪሱ ከዚህ ቀደም ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ይነጻጸራል። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ጉዳዩ በሰው ዓይን ወደሚታይበት ይዞራል። ሁሉ ነገር ከተስተካከለ ሌላ ፕሮግራም ቁጥሩን ይፈጥራል፣ ሌላው ደግሞ መልእክቱን ወደ ስልክ ይልካል።

እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። አንዱ ሥራውን ሲጨርስ ካፍካ በተባለ የመልእክት ወረፋ አማካይነት ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ማይክሮሰርቪስ የሚባለው አሠራር ይህ ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው። የአሻራ ንጽጽሩ ሲጨናነቅ እሱን ብቻ ማብዛት፣ መልእክት ላኪው ሲበላሽ ሌላውን ሳይነኩ እሱን ብቻ መጠገን ይቻላል። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው፤ ጉዳዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያይ አንድም ፕሮግራም የለም። እያንዳንዱ የራሱን የሥራ መዝገብ፣ ባለሙያዎች ሎግ የሚሉትን፣ በየራሱ ማሽን ላይ ይጽፋል። ጥቅሉ ቢጠፋ አንደኛው «ተቀብዬ አስተላልፌያለሁ» ይላል፣ ሌላው «እኔ ጋ አልደረሰም» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

ታላላቆቹ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ከ20 ዓመት በፊት እዚህ ችግር ውስጥ ተዘፍቀው ነበር። በጉግል አንድ ሰው አንድ ቃል ሲፈልግ ጥያቄው በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን ሊነካ ይችላል። መልሱ ሲዘገይ ጥፋተኛው ከነዚያ ሁሉ አንዱ ነው። የትኛው?

አንዱ ቀደምት ሙከራ በጊዜ መገመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ማርኮስ አጊሌራና ባልደረቦቹ ፕሮግራሞቹን ምንም ሳይነኩ፣ በመካከላቸው የሚመላለሰውን መልእክት ከውጭ ብቻ እየተመለከቱ መንገዱን ለማወቅ ሞከሩ። መልእክት ወደዚህ ፕሮግራም ገባ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ መልእክት ከሱ ወጣ፤ ይህ ደጋግሞ ከታየ ሁለቱ ይዛመዳሉ ማለት ነው።

ፎገራ ይህን ዘዴ በውኃ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ናበጋ በውኃ ሲዋጥ ጥያቄው ያው ነው፦ ይህ ርብ ሰብሮ የመጣ ነው፣ ወይስ ጉማራ? ወይስ ጣና ሞልቶ የመለሰው? ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው፤ ሁለቱም የባሕር ዳር–ጎንደርን መንገድ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ዝናቡ የጣለበትንና ውኃው ሜዳው ላይ የደረሰበትን ሰዓት አመሳክሮ «ይህ የጉማራ ነው» ብሎ የሚፈርድ አዋቂ አይጠፋም፤ አንዱ ወንዝ ብቻ ሲሞላ ፍርዱ ይሠምራል። ሁለቱም አንድ ሌሊት ሲሞሉ ግን ነገሩ ይደበላለቃል። ከሜዳው ላይ የተቀዳ አንድ ጣሳ ውኃ ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ ውኃ ምልክት የለውማ።

የእነ አጊሌራ ዘዴም የተሰናከለው በዚሁ ነው። ሥራው ሲበዛና መልእክቶች ሲጠላለፉ ለግምቱ እጅግ ብዙ መረጃ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ መልሱ «ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል» ከማለት አያልፍም። የአንዲትን ጥያቄ ዕጣ ለይቶ መናገር አይችልም።

በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። ሮድሪጎ ፎንሴካና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤክስትሬስ የተባለውን ሥራቸውን አወጡ። ሐሳባቸው ሲነገር ቀላል ነው፦ ከውጭ አትገምት፣ ምልክቱን ራስህ ስጠው። ጥያቄው ገና በር ላይ ሲደርስ አንድ ቁጥር ይሰጠው። በሄደበት ሁሉ ያ ቁጥር አብሮት ይሂድ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሥራውን ሲጀምርና ሲጨርስ ሰዓቱን ከዚያ ቁጥር ጋር ይጻፍ። በኋላ አንድ ሰው ቁጥሩን ይዞ መዝገቦቹን ቢሰበስብ መንገዱ በሙሉ ይታየዋል።

ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ቀደም ብሎ አልተስፋፋም? ችግሩ የሰው ነው። ዘዴው የሚሠራው ሁሉም ቁጥሩን ካስተላለፈ ብቻ ነው፤ መሐል ላይ አንድ ፕሮግራም ከጣለው ዱካው እዚያ ይቋረጣል። በአንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮችን «ሥራችሁን አቁማችሁ ይህን ቁጥር አስተላልፉ» ብሎ ማሳመን ከባድ ነው፤ የሚያሳምናቸው ቢገኝ እንኳ ግማሾቹ ይረሱታል።

የጉግል መሐንዲሶች መፍቻውን ያገኙት እዚህ ላይ ነው። ቤን ሲግልማን፣ ሉዊዝ አንድሬ ባሮሶና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ዳፐር ጽሑፍ አወጡ፤ ዳፐር በዚያን ጊዜ ከሁለት ዓመት በላይ ሥራ ላይ ነበር። የጉግል ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጥቂት የጋራ የኮድ ስብስቦች አማካይነት መሆኑን ተጠቀሙበት። ቁጥር የማስተላለፉን ሥራ እነዚያ ውስጥ ቀበሩት። ፕሮግራመሩ ምንም ሳያደርግ፣ አንዳንዱም ሳያውቅ፣ ቁጥሩ ይተላለፍ ጀመር።

ሁለተኛው ፍርሃት ክብደቱ ነበር፤ መዝገብ መያዙ ራሱ ሥራውን ካዘገየ ምን ዋጋ አለው? ለክተው አዩት። አዲስ ዱካ ለመክፈትና ለመዝጋት በአማካይ 204 ናኖሰከንድ፣ በዱካው ውስጥ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ለመመዝገብ ደግሞ 176 ናኖሰከንድ ወሰደ። ናኖሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በዚያ ላይ ሁሉንም መመዝገብ አላስፈለጋቸውም። ሥራ ለሚበዛባቸው አገልግሎቶች ከ1,024 ጥያቄዎች አንዱን ብቻ መከታተል ችግሩን ለማየት በቂ ሆኖ አገኙት።

ከዚያ በኋላ ያዩት ነገር ራሳቸውንም ሳያስገርም አልቀረም። ማስታወቂያዎችን የሚመረምረው ቡድናቸው አንድ ትልቅ ዳታቤዝ ነበረው። ዋናው ቅጂ ውድና የተጨናነቀ፣ ለንባብ ብቻ የተዘጋጁት ቅጂዎች ግን ርካሽ ናቸው። ዱካው ሲወጣ፣ ማንበብ ብቻ የፈለጉ ብዙ ጥያቄዎች ያለምክንያት ወደ ዋናው ቅጂ እየሄዱ መሆናቸው ታየ። አንድ ላይ መሄድ የሚችሉ ጥያቄዎችም ተራ በተራ እየተጠባበቁ ይሄዱ ነበር። እነዚህንና መሰሎቻቸውን አርመው የአገልግሎቱን መዘግየት ወደ አንድ መቶኛ ገደማ አወረዱት። አዲስ ማሽን አልገዙም። ቀድሞ የማይታየውን አዩ፣ ያዩትን አረሙ።

ጉግል ጽሑፉን እንጂ ዳፐርን ራሱን ለሕዝብ አልሰጠም። ጽሑፉ ግን በቃ። ትዊተር በራሱ መንገድ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ዚፕኪንን በክፍት ምንጭ ለቀቀ። የኮሪያው ኔቨር ፒንፖይንትን እ.ኤ.አ. በ2015 ለቀቀ። ኡበር የማይክሮሰርቪሶቹ ቁጥር በ2015 መጨረሻ ከነበረበት 500 ገደማ በ2017 መጀመሪያ ከ2,000 ሲያልፍ ማየት ተስኖት ነበር፤ በዩሪ ሽኩሮ መሪነት ኒውዮርክ ላይ የተሠራው ዬገር ለዚህ መልስ ሆነ፣ በ2017ም ለሁሉም ክፍት ተደረገ። በቻይና ደግሞ ዉ ሼንግ የተባለ መሐንዲስ በ2015 ስካይዎኪንግን ጀመረ፤ በ2019 በአፓቺ ፋውንዴሽን ከዋና ዋና ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ። ስካይዎኪንግ ለእኛ አገር ሥራ የሚመች ጠባይ አለው። በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም ሲነሣ አብሮት ይነሣና ኮዱ ሳይነካ ቁጥሩን ያስተላልፍለታል። ሞሲፕ የቆመባቸውን መሣሪያዎች፣ ስፕሪንግን፣ ቨርትኤክስንና ካፍካን፣ ያውቃቸዋል። የሰበሰበውንም አንዱ አገልግሎት ሌላውን በቀስት የሚጠቁምበት ካርታ አድርጎ ያሳያል፤ የታመመው አገልግሎት ካርታው ላይ በግልጽ ይለያል።

ሁሉም የየራሱን የቁጥር አጻጻፍ ይዞ መምጣቱ ሌላ ጣጣ አምጥቶ ነበር፤ የአንዱን ዱካ ሌላው አያነበውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ተፎካካሪ ፕሮጀክቶች፣ ኦፕንትሬሲንግና ኦፕንሴንሰስ፣ ተዋሕደው ኦፕንቴሌሜትሪ ሆኑ። በ2020 ደግሞ የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ ለቁጥሩ አንድ ወጥ አጻጻፍ አጸደቀ፤ ርዝመቱ 32 ፊደልና አሃዝ ነው።

አሁን ያን ወረቀት ከኪስ እናውጣው።

29ኙ አሃዞች በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም። በሞሲፕ አሠራር የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች የምዝገባ ጣቢያውን፣ ቀጣዮቹ አምስቱ መዝጋቢውን ኮምፒውተር፣ ሌሎቹ አምስቱ ተራ ቁጥሩን ያመለክታሉ። የቀሩት 14ቱ ቁጥሩ የተፈጠረበት ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ናቸው። ጥቅሉ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲያልፍ የሚታወቀው በዚህ ቁጥር ነው፤ በየደረጃው የሆነውም በዚህ ቁጥር ሥር ዳታቤዝ ውስጥ ይሰፍራል። ማለትም የበርክሌይ ተመራማሪዎች «በር ላይ ስጠው» ያሉት ምልክት ከናበጋ በመጣው ገበሬ ኪስ ውስጥ ታትሞ ተቀምጧል። «የት ደረሰ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት የሚያስችለው ነገር ገበሬው መስኮቱ ጋ ሲቆም እጁ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎችም አንዳንዴ ያምታቷቸዋል። የጉግል 1 ከ1,024 ለፍጥነት ጥናት ይበቃል፤ የሰው ጉዳይ ግን በናሙና አይያዝም። ለፎገራው ገበሬ የራሱ ጥቅል አንድና አንድ ነው። ስለዚህ የምዝገባ ቁጥሩ መዝገብ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት። የዬገርና የስካይዎኪንግ ሥራ ከዚያ ይለያል፤ የመቶ ሺህ ሰው ጥቅል ለምን አንድ ቦታ ላይ እንደተጠራቀመ ያሳያሉ። እንበልና አንድ ሳምንት መልእክቶች ዘገዩ። የዬገርን ስክሪን የከፈተ መሐንዲስ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ አግድም መስመሮች ያያል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ እርምጃ ነው፣ ርዝመቱም የፈጀው ጊዜ። አምስት አጫጭር መስመሮች መሐል አንድ ረጅም መስመር ከተጋደመ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው። የስልክ መልእክት ላኪው ይሁን፣ የአሻራ ንጽጽሩ ወረፋ፣ ወይም የሞላ ዲስክ፣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ኦፕንቴሌሜትሪ ደግሞ ዱካው ካለቀ በኋላ አይቶ የዘገየውንና የተሳሳተውን ብቻ የማስቀረት ዘዴ ስላለው ብዙ ዲስክ አይፈጅም።

ሞሲፕን ለሚተክሉ ሰዎች በወጣው መመሪያ ውስጥ ፕሮሚቲየስና ግራፋና፣ ኢላስቲክሰርችና ኪባና አብረው ተካተዋል። ፕሮሚቲየስ የማሽኖቹን ትንፋሽ በየጊዜው ይቆጥራል፣ ግራፋና ቁጥሩን በሥዕል ያወጣል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሎጎችን ሰብስበው ለፍለጋ ያመቻቻሉ። ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው። መንግሥት ለእነዚህ ፈቃድ የሚያወጣው የውጭ ምንዛሪ የለም፤ የሚያስፈልገው ማሽን፣ መብራትና የሠለጠነ ሰው ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል።

ስለ ምስጢርም አጥብቄ መናገር አለብኝ። ዱካ ማለት የሰው መረጃ ማለት አይደለም፣ መሆንም የለበትም። ዳፐር የመዘገበው የትኛው ፕሮግራም ምን ዓይነት ሥራ እንደተጠየቀ ነው፤ የመልእክቱን ይዘት ሆን ብሎ አልያዘም። አሻራና አይሪስ የሚያልፍበት ሲስተም ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም። መሐንዲሱ ጥቅሉ የት እንደዘገየ ይወቅ፤ የማን እንደሆነና ውስጡ ምን እንዳለ ማየት ግን ሥራው አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የመሐንዲሱ በጎ ፈቃድ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው።

ፍርዴን ልናገር። «ሲስተም የለም» ማለት እ.ኤ.አ. በ2003 ምክንያታዊ መልስ ነበር። ዛሬ ግን ዱካ የመከተል ዘዴው ተገኝቷል፣ መሣሪያው ክፍት ነው፣ ቁጥሩም ዜጋው እጅ ላይ ነው። የሚቀረው በመስኮቱ ጀርባ ላለው ልጅ ያን ቁጥር አስገብቶ «አባቴ፣ ጥቅልዎ ማዕከል ደርሷል፣ የአሻራ ንጽጽር ላይ ነው» የሚልበት ስክሪን መስጠት ነው።

በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለምትማሩ፦ የዬገር፣ የስካይዎኪንግና የሞሲፕ ኮድ ጊትሀብ ላይ አለ። ለመመረቂያ ሥራችሁ ሌላ የተማሪዎች መመዝገቢያ ከምትጽፉ ሞሲፕን በትንሹ ተክላችሁ አንድ የሙከራ ጥቅል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉ። የተሰበረ ነገር ካገኛችሁ ማስተካከያውን ላኩ፤ ይቀበሏችኋል። ለፋይዳ የተመዘገባችሁ አንባቢዎች ደግሞ ያችን ወረቀት አትጣሏት። 29ኙን አሃዞች በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ከሚመለከተው ቢሮ በቀር ለማንም አታሳዩ፣ መታወቂያችሁ ከዘገየም እነሱን ይዛችሁ ሂዱና የት እንደደረሰ ጠይቁ።